የሙዝደሊፋ ቦታ

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ወንድሜ ሙዝደሊፋ ከተቀበረ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው።

ይህ የፊዚክስ ደብተር ነበር። ሦስት ገጽ ተጽፎበታል፤ እነሱን ቀድጄ ጣልኩ።

ስልኩ እኔ ጋ ነው። ኡሚ አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀምጠው ነግራኛለች። እሺ ብያታለሁ፤ ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቻርጅ አደርገዋለሁ። መክፈቻውን አውቀዋለሁ። እሱ ራሱ ነው ያሳየኝ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢሜይል ገባ። እንግሊዝኛው ከባድ አልነበረም። “ውድ ሙዝደሊፋ፣ እንኳን ደስ ያለህ” ብሎ ይጀምራል። ጥር ላይ ያመለከተው ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት፣ ሦስት አገር፦ ቤልጂየም፣ ፖላንድ፣ ፖርቱጋል። አገሮች ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን እንዴት እንደሚመሩ፣ ተማሪ በምን መስፈርት እንደሚቀበሉ፣ ማን እንደሚከፍል እያነጻጸሩ የሚማሩበት ነው። ሙሉ ወጪውን እነሱ ይሸፍናሉ። ከመቶ ምናምን አገር አሥራ ስምንት ሰው መርጠዋል፤ አንዱ እሱ ነው። መቀበሉን እስከ ሚያዝያ 28 ያረጋግጥ ይላል።

አራት ጊዜ አነበብኩት።

“ማነው?” አለች ኡሚ ከጓዳ፣ የስልኩን ድምፅ ሰምታ።

“ቴሌ ነው” አልኳት።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ለማንም አልተናገርኩም። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ጀርባ ሄጄ እንደገና አነበብኩት። ነብዩ ተከትሎኝ መጣ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ ነው የሚቀመጠው።

“ማናት እሷ? በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የምትጠብሰው ጀለሴ?”

“ዝም በል።”

ስልኩ የማን እንደሆነ ሲያይ ማስቲካ ሰጠኝ።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ግሩም መጣ።

ግሩም የሙዝደሊፋ ጓደኛ ነው። የእምድብር ልጅ ነው፤ ካቶሊክ ነው። ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ከወንድሜ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። እዚያው ጉብሬ አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ለማስተርሱም ያመለከቱት አብረው ነው። የወንድሜን ልብስና መጻሕፍት በሁለት ማዳበሪያ አድርጎ ከጉብሬ እስከ ቡታጅራ በሚኒባስ አመጣልን። አባዬ ማዳበሪያዎቹን ተቀብሎ ሲያስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ግሩም ኡሚን “ኡሚ” ነው የሚላት። ማን ፈቀደለት? እሷ ደግሞ “ልጄ” ትለዋለች። ሶፋው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። እዚያ ማን እንደሚቀመጥ እያወቀ።

እንደ ሁልጊዜው “እስቲ ንገረኝ” አለችው። ወባው እንዴት እንደጀመረው፣ በባጃጅ እንዴት እንደወሰደው፣ ሁለት ሌሊት እንዴት አጠገቡ እንደተቀመጠ። አራተኛ ጊዜ ነው የሚነግራት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ግን አዲስ ነገር ይጨምርበታል። ዛሬ የጨመረው ውሃውን ነው። ሙዝደሊፋ ከላስቲክ ጠርሙሱ መጠጣት አቅቶት በክዳኑ ያጠጣው ነበር፤ አንድ ክዳን፣ ከዚያ ሌላ ክዳን። ኡሚ እጁን ይዛ ሳመችው። ግሩምን ማለቴ ነው።

ይህን ስጽፈው ያሳፍራል፤ ግን ክዳኑን እኔ ብይዘው ኖሮ ብዬ ቀናሁበት። በእንዲህ ያለ ነገር የሚቀና ሰው አለ?

ከዚያ ስለ ትምህርቱ ተነሣ። ለግሩም “ተጠባባቂ አንደኛ” ብለው ጽፈውለታል።

“ተጠባባቂ ማለት ምንድነው ልጄ?”

“ከተመረጡት አንድ ሰው ከቀረ እኔ እገባለሁ ማለት ነው ኡሚ።”

“አላህ ያስገባህ።”

ቀና ብዬ አላየሁም። ዳቦ አፌ ውስጥ ነበር።

“የእኔውስ ልጅ?” አለች። “እሱንስ ምን ብለውት ኖሯል?”

“ለየራሳችን ነው የሚልኩልን። የእሱን አላወቅኩም።”

ኡሚ ትንሽ አሰበች። “አይ፣ አላገኘም። ቢያገኝማ ይነግረኝ ነበር።”

ግሩም አንገቱን ደፋ። እኔ ዳቦዬን ዋጥኩ።

ሚያዝያ 23

ሒሳብ። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ አለኝ። ስምንት ሳምንት ነው የቀረው ፈተናው።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ከትምህርት በኋላ አባዬ ጋ ገበያ ወረድኩ። አባዬ በርበሬ ነጋዴ ነው። መደቡን ያገኘው ከታላቅ ወንድሙ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከአያቴ። አንድ የቡኢ ሰው መጥቶ፣ ዳር ላይ ስላለው ባዶ መደብ አባዬን ጠየቀው።

“ያ ባለቤት አለው” አለ አባዬ። “ሰውየው አርፏል፤ ወንድሙ ግን አለ። እስኪመጣ እየጠበቅንለት ነው።”

“ካልመጣስ?”

“ይመጣል። የወንድሙ ነዋ።”

ያቺን ቃል ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። አስቤበት ነው ያደረግኩት፤ በንዴት አይደለም። የወንድሜ ቦታ የወንድሜ ነው። እሱ ከሌለ የቤታችን ነው፤ የእኔ ነው። ዛሬ ልጅ ነኝ፤ ግን ይጠብቁልኛል። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ጽፌ አስረዳቸዋለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ ጨረስኩት።

የተላከውን ገጽ ከፈትኩ። ሁለት ምርጫ ነው ያለው። እቀበላለሁ። አልቀበልም። ሦስተኛ የለውም።

እቀበላለሁ የሚለውን ነካሁት።

አረንጓዴ ምልክት መጣ። “ሙዝደሊፋ፣ መስከረም ላይ እንገናኝ” ይላል።

እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ስልኩ ውስጥ የሁለቱንም የማመልከቻ ድርሰት አገኘሁ። ግሩም የራሱን ለወንድሜ ልኮለት፣ ወንድሜ በየመስመሩ አርሞለታል። ከስምንት ጊዜ በላይ ተመላልሷል። የወንድሜ የራሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው፤ የተላከውም በመጨረሻው ቀን፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው።

የግሩም ድርሰት መጨረሻ ላይ ወንድሜ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ “ጨርሰሃል። ከእኔ ይሻላል፤ ወላሂ።”

ለእኔ እንዲህ ብሎ ጽፎልኝ አያውቅም። የእንግሊዝኛ ድርሰቴን ሳሳየው “ፊደልህን አስተካክል” ነው ያለኝ።

አይሻልም። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። የወንድሜ ነው የሚሻለው። እነሱም ያሉት ይህንኑ ነው።

ግንቦት 8

የሞዴል ፈተና ውጤት ተለጠፈ። ወንድሜ በታመመበት ሳምንት የተፈተንኩት ነው። ከክፍሉ ሦስተኛ። ለማን ልንገረው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ከፕሮግራሙ አስተባባሪ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ፓስፖርቱን ስካን አድርጎ፣ ፎርሙን ፈርሞ እስከ ሰኔ 13 ይላክ ይላል። ከታች በደማቁ የተጻፈ ነገር አለ፦ የሚቀር ሰው ካለ ከዚያ ቀን በፊት ያሳውቅ፤ በቦታው ተጠባባቂ እንጠራለን፤ ከሰኔ 13 በኋላ ግን የቪዛ ጊዜ ስለማይበቃ ተተኪ አንወስድም።

ስለዚህ ዝም ካልኩ ቦታው ለማንም አይሆንም። ለእኔም፣ ለእሱም።

በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጀምሬ ነበር፤ “የአንድ ሰው ቦታ ለታናሽ ወንድሙ ይተላለፋል ወይ?” የሚል። ሳነበው ጅል ሆኖ ታየኝ። አጠፋሁት።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ፓስፖርቱን ይዤ ሰይዶ ጋ ሄድኩ። ሰይዶ መስጊዱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው።

“ስካን አድርግልኝ ጋሼ ሰይዶ። ፍላሽ ላይ ጫንልኝ።”

ሳያየው ተቀብሎ ማሽኑ ላይ ዘረጋው። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጣ ማውዙን ለቀቀው። ሰማያዊዋን ሸሚዝ ለብሷል፤ ሊስቅ ሲል እንዳትስቅ ያሉት ይመስላል።

“ለምን ይሆን?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ለባንክ ነው።”

“እሺ። ይህን ፎቶ እዚህ ነው የተነሣው፤ ታውቃለህ? ከዚያ ልጅ ጋር መጥተው። ከእምድብሩ ልጅ ጋር። ‘ጋሼ፣ ቆንጆ አድርገህ አንሣን፤ ፈረንጅ ነው የሚያየን’ እያሉ ሲያስቁኝ።” ፍላሹን ነቅሎ ሰጠኝ። ሂሳብ አልቀበልም አለ። “አላህ ይርሀመው።”

እዚህም ከእሱ ጋር።

ቤት ገብቼ የሙዝደሊፋን ፊርማ ተለማመድኩ። ሁለት ገጽ ሞላሁ። “ሙ” የምትለው ላይ ወደ ታች የሚጎትታት ነገር አለ፤ እሷን ማምጣት አቃተኝ። በመጨረሻ መጣች። ሳያት ግን አልፈርምበትም አልኩ። ፎርሙ ባዶ ነው።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ከአዲስ አበባም፣ ከሻሸመኔም፣ ከየትም ያለ የአካባቢያችን ሰው ሁሉ ገብቷል። ሚኒባሶቹ ጣራቸው ላይ በግና ፍራሽ ጭነው ሲገቡ ነው የሰነበቱት። በየዓመቱ ለኡሚ ሻሽ ይዞ የሚገባው ሙዝደሊፋ ነበር። ዘንድሮ ማንም አይገባልንም ብዬ ነበር።

ግሩም ገባ። ሻሽ ይዞ።

ኡሚ ዘረጋችው፤ አረንጓዴ ነው። አላለቀሰችም። እዚያው ራሷ ላይ አሰረችው።

ግሩም እኛ ያረድነውን አይበላም። ኡሚ ይህን ስለምታውቅ ከትናንት ጀምሮ ለብቻው ጎመን ክትፎና አይብ አዘጋጅታለታለች፤ ቆጮውንም ለብቻ ጋግራለታለች። እኛ ሃያ ሰው ሆነን ከአንድ ትሪ ስንሻማ፣ እሱ በራሱ ሳህን፣ በራሱ ማንኪያ። “ጨምር ልጄ፣ ቂቤው ከሥር ነው።” እኔን ማን ጨምር አለኝ? የሰው ሳህን አይቼ የምቀና ሆኛለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።

ከምሳ በኋላ አባዬ ሲመርቅ እኔንና ግሩምን ጎን ለጎን አስቀመጠን። እጁን መጀመሪያ የዘረጋው እኔ ላይ ነው። ይህንን ልብ ብያለሁ።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። አባዬና ግሩም ጓሮ፣ እንሰቱ ጋ ሆነው ሲያወሩ፣ እኔ በዚህኛው በኩል ነበርኩ።

“እነዚያ ሰዎች የሙዝደሊፋን ነገር ሰምተዋል?” አለ አባዬ።

“አልጻፍኩላቸውም አባባ።”

“ለምን?”

“ተመርጦ ከሆነ፣ ቦታው የሚሰጠው ለእኔ ነው። ጓደኛዬ ሞቷልና ቦታውን ስጡኝ ብዬ ልጽፍ ነው? ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት። እጄ እንቢ አለኝ።”

“ካልተመረጠስ?”

“ካልተመረጠማ ምን ይጠቅማል ብጽፍ? እኔ ዘንድሮ ይለፈኝ አባባ። የሚቀር ሰው ካለ ራሳቸው ይጠሩኛል።”

አባዬ ቅጠል ቀንጥሶ በጣቱ ሲያፍተለትል ይሰማኝ ነበር። “ሰዎቹ የሚጠብቁት ከሆነ ግን፣” አለ፣ “እንግዳ የማይመጣበትን ቤት ሲያዘጋጁ ዝም ብሎ ማየትም ደግ አይደለም።”

እየጠበቁት ነው። የዶርም ክፍል ቁጥር ሁሉ ልከዋል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ግሩም ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ይሻል ነበር።

ሰኔ 3

አምስት ጥያቄ ከኬሚስትሪ። ሌላ ምንም።

ነብዩ፦ “ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ እህል አትበላም እንዴ? ከስተሃል እኮ።”

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ኡሚ ጉብሬ ላከችኝ። ለግሩም ቆጮና ቂቤ አድርስለት ብላ። ፈተናዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶት እኔ ለሱ ስንቅ ተሸክሜ። መንገዱን ሙሉ ላስቲኩን እግሬ ሥር አድርጌ ስረግመው ሄድኩ።

ክፍላቸውን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለት አልጋ ነው ያለው። የሙዝደሊፋ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል። አከራይዋ ሌላ ሰው አስገባ እያለች ትወተውተዋለች አሉ፤ ግሩም የሁለት ሰው ኪራይ ብቻውን እየከፈለ እምቢ ብሏል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የወንድሜ ጽሕፈት ነው። አገሮቹን በየዓምዱ አሰልፎ፣ ከጎን ጥያቄዎች። ተማሪ እንዴት ይገባል? ማን ይከፍላል? ያላለፈ ምን ይሆናል? በአንዱ አገር የጨረሰ ሁሉ ይመዘገባል፤ የሚጣራው ከገባ በኋላ ነው። በሌላው ያላለፈ የሙያ ትምህርት ተምሮ በሌላ በር ይመለሳል። የመጨረሻው ዓምድ “እኛ” ይላል። እንዴት ይገባል? “የአንድ ሳምንት ፈተና፣ ከዚያ በቃ” ብሎ ጽፏል። ያላለፈ ምን ይሆናል? የሚለው ላይ “ሪሚዲያል ለጥቂቱ” ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ከሥሩ “ሙሀይሚንን ጠይቅ” ይላል።

ጠይቆኝ አያውቅም። ሊጠይቀኝ ነበር።

“አንተን አስቦ ነው ሁሉንም የጀመረው” አለ ግሩም ከኋላዬ። “ድርሰቱም የሚጀምረው በአንተ ነው። አንብበኸዋል?”

“አላነበብኩትም” ብዬ ዋሸሁ። ስልኩ ውስጥ ካገኘሁት ቀን ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከዚያ አመለጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የነበረው።

“ለምን አልደወልክልንም? ሦስት ቀን ሙሉ! ሦስት ቀን ታሞ! እኔ ወንድሙ አይደለሁም?”

ግሩም አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሊነግረኝ እንዳልፈለገ ያስታውቅ ነበር።

“አትደውል አለኝ። ‘ሙሀይሚን ሞዴል ላይ ነው፤ ዓርብ ሲጨርስ እንነግራቸዋለን’ አለኝ። ሐሙስ ማታ ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ ሲያየኝ ተቆጣ። ድምፅ ኖሮት የተቆጣው የመጨረሻ ነው።” ፊቱን በእጁ አሸ። “መደወል ነበረብኝ። እሱን አልሰማም ብዬ መደወል ነበረብኝ። ዓርብ ሊነጋ ሲል...”

ዓርብ ጠዋት እኔ ባዮሎጂ ስፈተን ነበር። መቶ ጥያቄ። ሰማንያ ስድስት አገኘሁ።

ቂቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሦስት ቀን ቀረ። ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። ግሩምም አልተጠራሁም ብሎ ይኖራል። ጉብሬ ይቀመጣል፤ በየአረፋው ሻሽ ይዞ ይመጣል። እንደዚያ ነው የምፈልገው? ወይስ ሄዶ ከዓይኔ እንዲጠፋ? ቢሄድ እቀናለሁ፤ ቢቀር እቀናለሁ።

ሙዝደሊፋ ቢኖር ምን ይል ነበር ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የማልጠይቀው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ላክሁ።

በራሴ ስም ኢሜይል ከፍቼ፣ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። ነብዩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እንዲህ ነው የጻፍኩት፣ በአማርኛ ስመልሰው፦

“ክብርት አስተባባሪ፣ እኔ የሙዝደሊፋ ታናሽ ወንድም ነኝ። ወንድሜ ሚያዝያ 3 በወባ ሞቷል። ደብዳቤያችሁ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እቀበላለሁ ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጡት ብዬ ነው። ተጠባባቂ አንደኛ የሆነው ሰው ይህን አያውቅም፤ ጥፋት የለበትም። ወንድሜ የእሱን ድርሰት ከራሱ ይበልጥ ይወደው ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

በፊት እዚህ ደብተር ላይ “ከተቀበረ” ብዬ ነው የጻፍኩት። “ሞቷል” ያልኩት ዛሬ ነው፤ ለማላውቃት ሴት፣ በእንግሊዝኛ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

መለሰች። አጭር ነው። ሐዘኗን ገልጻ፣ የጻፍኩት በጊዜው መድረሱን፣ ቦታው ዛሬውኑ ለተጠባባቂው እንደሚሰጥ ነግራኛለች። ስለ መቀበሉ ጉዳይ “ገብቶኛል” ነው ያለችው። ምኑ ነው የገባት?

ጁምዓ ሄድኩ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ግሩም በሩ ላይ ቆሟል። የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከጉብሬ መጥቷል።

“ተመርጦ ነበር?” አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“አዎ።”

“መቼ ነው ያወቅከው?”

“ሚያዝያ 16።”

ነብዩ “እኔ ልሂድ” ብሎ ሸሸ።

“ቦታውን ወስደህ መደበቅህን ተወው” አለ ግሩም። “ደብዳቤ ጽፈውልኛል፣ ሁሉንም አውቄያለሁ፣ ለሱ አይደለም የመጣሁት። እኔ ሙዜ የወደቀ መስሎኝ ነበር። የእኔን ድርሰት ሲያርም ከርሞ የራሱን በአንድ ቀን ሠርቶ የላከው በእኔ ምክንያት ነው። በእኔ ጦስ ሳያገኝ ሞተ እያልኩ ሁለት ወር እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ትዞራለህ!”

“አላወቅኩም...”

“ኡሚስ? ‘ቢያገኝማ ይነግረኝ ነበር’ ስትል አጠገቧ ቁጭ ብለህ? ዳቦ እየበላህ?” ድምፁ ተሰበረ። የባጃጅ ሹፌሮች ዞረው ያዩን ነበር። “በእኔ ቀናህ፤ እሺ፣ ቅና። እኔም በአንተ ስቀና ነው የኖርኩት። ማታ ማታ ‘ወንድሜ፣ ወንድሜ’ ሲል ነው የሚያመሸው። የሷን ደስታ ግን ለምን ቀማሃት?”

መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው።

“ዛሬውኑ ትነግራታለህ። እኔ አልነግራትም። ይሄ የአንተ ነው።”

ቤት ግባ ብለው አልገባም አለ። ሚኒባስ ይዞ ተመለሰ።

ሰኔ 16፣ እንደገና

ኡሚ ምድር ቤት ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እኔም መቀንጠስ ጀመርኩ። ክምሩ አንድ ጉልቻ እስኪያክል አልተናገርኩም።

“ኡሚ፣ ሙዝደሊፋ ተመርጦ ነበር።”

እጇ ቆመ።

“ለውጭው ትምህርት። ደብዳቤው የመጣው ከ... ከሞተ በኋላ ነው። ደብቄሽ ነው።”

እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“አንብብልኝ።”

ስልኩን አውጥቼ “ውድ ሙዝደሊፋ” ብዬ በአማርኛ ስጀምር አቋረጠችኝ።

“እንደዚያ አይደለም። እነሱ እንዳሉት አንብብ።”

በእንግሊዝኛ አነበብኩላት። ሙሉውን፣ እስከ አድራሻቸው ድረስ። ከሁሉም የምታውቀው ስሙን ብቻ ነው፤ በተጠራ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ሰው ፊቷ ቆሞ የሚነግራት ይመስል። አራት ቦታ ላይ ነው ስሙ ያለው።

“ስንት ሰው ነው የመረጡት?”

“አሥራ ስምንት። ከዓለም።”

“ግሩም ተጠባባቂ ነው ያለው?”

“አዎ።”

“በልጦታል በለኛ” አለች። ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። “አስተግፊሩላህ! ምን ነካኝ፣ የሰው ልጅ...” ከዚያ ሳቀች። ሚያዝያ ከገባ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም። ሳቋ ሲያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ ዓይኗን በበርበሬ እጇ ነክታ ጭራሽ ባሰባት፤ ውሃ አመጣሁላት።

ፊቷን ስታጥብ፣ ቀና ሳትል፣ “ሁለት ወር ለብቻህ በላኸው?” አለችኝ።

ከዚህ በላይ የተናገረችኝ የለም። ይህ በቃኝ።

ወደ ገበያ ላከችኝ። “ለአባትህ ጆሮው ላይ እንዳትነግረው። ሰው እንዲሰማ አድርገህ ንገረው።” እንዳለችኝ አደረግኩ። አባዬ ሚዛኑን አስቀምጦ ተነሣና ለግራም ለቀኝም መደብ፣ ለማያውቀው ገዢ ሁሉ ነገረ። “ልጄ በሦስት አገር ተመርጦ ነበር” እያለ። “ነበር” የምትለውን ረገጥ አድርጎ ነው የሚላት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ከትምህርት ቤት ይነሣል። የእኛ ትምህርት ቤት ተፈታኞች የተመደብነው ጉብሬ፣ እነ ግሩም ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ሳምንት ዶርም እናድራለን። ቦርሳዬን ኡሚ ሦስት ጊዜ አውጥታ መልሳ አደራጀችው።

ከአስር ሰዓት በኋላ ለግሩም ደወለችለት። ነሐሴ ላይ ነው የሚሄደው። “እንኳን ደስ ያለህ ልጄ” አለችው፤ “በመጀመሪያው አገርም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ስትደርስ ትደውልልኛለህ።” ስትመርቀው ቆየች። ለእኔ ነገ ከምትመርቀኝ ይረዝማል ብዬ እየቆጠርኩ ነበር። አዎ፣ አሁንም።

ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ከተለያየን አላወራንም።

“እንኳን ደስ ያለህ” አልኩት።

በጀርባው ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

“ከልብህ ነው?”

ኡሚ እያየችኝ ነው። አዎ ማለት ቀላል ነበር።

“ገና ነው” አልኩት።

ኡሚ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሱ ግን ትንፋሹን ለቀቀ፤ የሳቀ ይመስለኛል።

“እስከ ነሐሴ ጊዜ አለህ” አለኝ። “አሁን ግባና ተኛ፤ ነገ ስትወርዱ ስም የምጠራው እኔ ነኝ።”